40 መጻሕፍት በአንድ ሉፕ፦ የፒኤችፒ ገጽ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ታናሽ እህቴ የድር ገጽ መሥራት ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆናት። የኤችቲኤምኤል ሰንጠረዥ ተምራ ቤት ያሉትን መጻሕፍት አንድ ገጽ ላይ ዘርዝራቸዋለች፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የቅጂ ብዛት። 40 መጽሐፍ፣ 40 ረድፍ፣ ሁሉም በእጅ እየተገለበጠ የተለጠፈ። ዛሬ «መደርደሪያ» የሚል አራተኛ ዓምድ ልጨምር ብላ ስትነሳ 40ውንም ረድፍ አንድ በአንድ መንካት ግድ ሆነባት። 17ኛው ላይ የመዝጊያ ታግ ረሳችና ከዚያ በታች ያለው ሰንጠረዥ በሙሉ ተዛነፈ።

«በቃ ተይው፣ በሉፕ እንሥራው» አልኳት። ሉፕ ማለት አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ የኮድ ክፍል ነው። ማስታወሻውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ኮዱን የምትጽፈው እሷ ናት።

የያዝነው ጥቂት ነገር ነው፦ ፒኤችፒ 8 (ሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ)፣ ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም እና ብራውዘር። ፒኤችፒ ከስሪት 5.4 ጀምሮ ለልምምድ የሚሆን ሰርቨር ይዞ ስለሚመጣ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። በአንድ ትእዛዝ ይነሳል፣ በብራውዘር ይከፈታል።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ላስቀድም። በፋይሉ ውስጥ የፒኤችፒ ቁልፍ ቃላት በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ ግን በአፍ እንደምንጠራቸው አስቀምጣቸዋለሁ። የቫሪያብል (ዋጋ መያዣ) ስሞቹ ግን በፋይሉም ውስጥ አማርኛ ናቸው። ፒኤችፒ ይፈቅዳል። የዶላር ምልክቱ ከፊት ይቅደም እንጂ $ተራ ወይም $መጽሐፍ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቃሉን ለመረዳት የሚባክነው ጉልበት ወደ ሐሳቡ ይዞራል። ከሌሎች ጋር በሚሠራ ኮድ ላይ ግን በላቲን መጻፉ የተለመደ ስለሆነ ኋላ ላይ መልመዷ አይቀርም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

መጀመሪያ መጻሕፍቱን ከሰንጠረዡ አውጥተን አሬይ (በተራ የተቀመጡ ነገሮች ዝርዝር) ውስጥ ከተትናቸው። የዛሬው ትልቁ ሥራ ይሄ ነበር። መረጃው ለብቻው፣ ገጹ ለብቻው ካልተቀመጠ ሉፕ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሉፕ ተጻፈች፦

ፎር ($ተራ = 0; $ተራ < 40; $ተራ++)

በቅንፉ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ክፍሎች መነሻ፣ መቆሚያ እና እርምጃ ናቸው። መነሻው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። መቆሚያው ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ይጠየቃል፤ «ገና ነው» ካለ አካሉ ይሠራል፣ «አበቃ» ካለ ሉፑ ይዘጋል። እርምጃው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይሠራል። ይህን ቅደም ተከተል በቃል ነግሬያት አልገባትም ነበር። ወረቀት ላይ የ$ተራን ዋጋ እየሰረዘች እየጻፈች እስከ 3 ድረስ ስትሄድ ግን ራሷ «አሃ፣ 40 ሲሆን አይገባም፣ 39 ነው የመጨረሻው» አለች። ሉፑ ካለቀ በኋላ $ተራ እንደማይጠፋና 40ን እንደያዘ እንደሚቀርም በኢኮ፣ ገጹ ላይ በሚያሳትመው ትእዛዝ፣ አሳትማ አየችው።

ገጹ ተከፈተ፣ 40 ረድፍ ተደርድሮ ወጣ። ደስ ብሏት የገጹን ምንጭ ኮድ በብራውዘሩ ከፈተችና ግራ ገባት።

«እንዴ! ሉፑ የት ገባ? እዚህ ላይ የለም'ኮ!»

የለማ። ይህ ጥያቄ ስለመጣ በጣም ደስ አለኝ፤ የሰርቨር ፕሮግራሚንግ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። ሉፑ የሚሽከረከረው ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ ብራውዘሩ የሚደርሰው የተጠናቀቀው ኤችቲኤምኤል ብቻ ነው። አንድ ዙር የነበረችው 40 ረድፍ ሆና ትወጣለች፣ ሉፑ ራሱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንባቢው ገጹ ላይ ቁልፍ ቢጫን ያቺ ሉፕ ዳግመኛ አትሠራም። ዳግመኛ የምትሠራው ብራውዘሩ አዲስ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ሲልክ ነው፣ ያውም ከዜሮ ጀምራ። ያለፈውን ዙር የምታስታውሰው ነገር የለም።

ማምሻው ላይ ሁለት ስሕተት አየን። መጀመሪያ «ያንሳል» ምልክቱን «ያንሳል ወይም እኩል ነው» አድርጋ ሞከረችው። 41ኛ ባዶ ረድፍ መጣ፣ ከላዩም ቁልፍ 40 የለም የሚል ማስጠንቀቂያ። አሬይ ከ0 ስለሚቆጥር የ40 መጻሕፍት የመጨረሻ ቁልፍ 39 ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ እንኳን ስለሌለው የባሰ ነው፦ አዲስ መጽሐፍ አሬይ ውስጥ ጨመረች፣ ገጹ ላይ ግን አልታየም። መቆሚያው «40» ተብሎ በእጅ ስለተጻፈ ሉፑ 41ኛውን ዞር ብሎም አያየውም። በቁጥሩ ፋንታ የአሬዩን ብዛት የሚቆጥረው ካውንት ፈንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) ገባና ተስተካከለ። ለሙከራ የጨመረችውን መጽሐፍ መልሳ አወጣችው።

እሑድ

ዛሬ ዋይል ሉፕ። ዋይል የሚይዘው መቆሚያውን ብቻ ነው። መነሻው ከላይ ለብቻው ይጻፋል፣ እርምጃውም አካሉ ውስጥ ለብቻው። የዋይል አደጋም እዚህ ላይ ነው፦ እርምጃዋን ረሳች።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ረድፍ ይደጋገም ጀመር። ገጹ ወደታች እየረዘመ ሄደ፣ ብራውዘሩ ተንቀራፈፈ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ አሰማ። $ተራ 0 ላይ ቆሞ «0 ከ40 ያንሳል?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ታቡን ስትዘጋው ጸጥ አለ። ፒኤችፒ ሊጽፍ ሲሞክር ተቀባዩ እንደሄደ ስላወቀ ነው ያቆመው።

እኔ ግን ሌላኛውን ዓይነት እንድታይ ፈለግሁ። ኢኮውን አጠፋንና ያው የማያልቀው ሉፕ ምንም ሳያሳትም እንዲሽከረከር ተውነው። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ታቡን ዘጋችው፤ ሌላ ታብ ከፍታ ፈጽሞ የማይገናኝ ሌላ ፋይል ጠየቀች። እሱም አልመጣም። የልምምዱ ሰርቨር እንደተነሳ ከተተወ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ያቺ ሉፕ ሰርቨሩን ይዛ ቆማለች፣ የሚጻፍ ነገር ስለሌላትም ታቡ መዘጋቱን አላወቀችም። በእውነተኛ ሰርቨር ላይ ብዙ ጥያቄዎች ጎን ለጎን ይስተናገዳሉ፤ ሆኖም አንድ የማያልቅ ሉፕ አንዱን አስተናጋጅ ይዞ ይቀመጣል፣ ገጹን ደጋግመው ሪፍሬሽ የሚያደርጉ አሥር ሰዎች ደግሞ አሥሩን ይይዛሉ። በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሉፕ ቢበላሽ የሚቸገረው አንድ ሰው ነው። ሰርቨር ላይ ሲሆን ገጹን የከፈተ ሁሉ አብሮ ይቆማል።

ለዚህ ነው ፒኤችፒ የጊዜ ገደብ ያለው። በተለመደው የድር ሰርቨር ላይ ካልተቀየረ በቀር አንድ ስክሪፕት 30 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ካለፈ በኤረር ይቋረጣል። በትእዛዝ መስመር ሲሮጥ ግን ገደብ የለውም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዳታቤዝ እየጠበቀ ወይም ተኝቶ የሚያሳልፈው ጊዜ አይቆጠርበትም፤ ስለዚህ 30 ሰከንድ ማለት ሁልጊዜ በሰዓት 30 ሰከንድ ማለት አይደለም። እኛ በልምምድ ፋይሎቻችን ሁሉ አናት ላይ ሴት ታይም ሊሚት በሚባለው ፈንክሽን 5 ሰከንድ ወሰንን። ከዚያ በኋላ የረሳቻት እርምጃ ሁሉ በ5 ሰከንድ ራሷን አጋለጠች።

ከዛሬ ጀምሮ ልማድ ያደረግነው ነገር አለ። የዋይል ቅንፍ እንደተከፈተ፣ አካሉ ውስጥ ሌላ ምንም ሳይጻፍ በፊት፣ እርምጃው ይጻፋል።

ዱ ዋይልን በአሥር ደቂቃ አለፍነው። መቆሚያውን ከዙሩ በኋላ ስለሚጠይቅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሠራል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር ስንሰጥ ተጠቀምንበት፦ ቁጥር አውጣ፣ የተያዘ ከሆነ ድገም።

ሰኞ ማታ

ፎርኢች። እኔን ቢጠይቁኝ የድር ገጽ የሚሠራ ጀማሪ መማር ያለበት መጀመሪያ ይሄንን ነው። ሁለት ቀን በፎርና በዋይል ያመላለስኳት ሉፕ እንዴት እንደሚሽከረከር በእጇ እንድትነካው ብዬ ነው እንጂ፣ ገጽ ላይ የሚወጣው ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ለዝርዝር ደግሞ ፎርኢች።

ፎርኢች ($መጻሕፍት አዝ $መጽሐፍ)

መነሻ የለ፣ እርምጃ የለ፣ የሚረሳ ነገር የለ። መቆሚያው የዝርዝሩ ማለቅ ነው። 40ም ይሁን 41፣ ባዶም ቢሆን፣ ኮዱ አይነካም። ቁልፉም ካስፈለገ «$ቁልፍ => $መጽሐፍ» ተብሎ አብሮ ይወሰዳል። ቅዳሜ ዕለት ያየናቸው ሁለቱም ስሕተቶች እዚህ ውስጥ መግቢያ የላቸውም።

እህቴ ከሆነ ቦታ አንድ ያረጀ ትምህርት አግኝታ ነበር፤ እዚያ ላይ አሬይን የሚዞሩት ዋይልን፣ ሊስትን እና ኢችን አጣምረው ነው። ፎርኢች በፈረንጆቹ 2000 ከፒኤችፒ 4 ጋር እስኪመጣ ድረስ ሰው የሚሠራው እንዲያ ነበር። ኢች የሚባለው ፈንክሽን ግን ከፒኤችፒ 8 ላይ ተወግዷል፤ የገለበጠችው ኮድ እንዲህ ዓይነት ፈንክሽን የለም ብሎ ቆመባት። ያረጀ ትምህርት ሲገኝ መጀመሪያ ዕድሜውን ማየት ነው።

ኤችቲኤምኤልና ፒኤችፒ ሲደባለቁ ጥምዝ ቅንፎቹ ይጠፋሉ፤ የትኛው የማን መዝጊያ እንደሆነ አይለይም። ፒኤችፒ ሁለተኛ አጻጻፍ አለው፦ ሉፑ በሁለት ነጥብ ይከፈትና በኤንድፎርኢች ይዘጋል። ረድፉ መሐል ላይ ንጹሕ ኤችቲኤምኤል ሆኖ ይቀመጣል። ገጹን ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ቀየርነው፣ ለዓይንም ቀለለ።

በዚያው ኤችቲኤምኤል ስፔሻልቻርስ የሚባለውን፣ የማዕዘን ቅንፍን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲታይ የሚያደርገውን ፈንክሽን አስገባን። ከአሬይ ወጥቶ ገጽ ላይ የሚታተም ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ያልፋል። ርዕሱ ውስጥ የማዕዘን ቅንፍ ቢኖር ብራውዘሩ ታግ መስሎት ሰንጠረዡን ያፈርሰዋል፤ ርዕሱን የጻፈው የማናውቀው ሰው ከሆነ ደግሞ ሆን ብሎ ስክሪፕት ሊያስገባበት ይችላል። ሉፕ ውስጥ አንድ ጊዜ መርሳት ማለት 40 ጊዜ መርሳት ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቅንም። ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድረን በየፊደሉ ርዕስ ልንሰጠው አሰብን፦ «ሀ» ብሎ በሱ የሚጀምሩት፣ «ለ» ብሎ በሱ የሚጀምሩት። ዘዴው ቀላል ነው። ከሉፑ በላይ $ያለፈው የሚል ባዶ ቫሪያብል ይቀመጣል። በየዙሩ የመጽሐፉ ርዕስ የመጀመሪያ ፊደል ይወሰዳል፤ ካለፈው ከተለየ አዲስ የፊደል ርዕስ ይታተማል፣ $ያለፈውም ይታደሳል። ዝርዝሩ አስቀድሞ ካልተደረደረ ግን አይሠራም፤ አንዱ ፊደል ሦስት አራት ቦታ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ፊደል እንዴት ትወስጃለሽ ስላት «$ርዕስ[0]» ብላ ጻፈች፣ እንደ አሬይ። ገጹ ሲከፈት 40ው መጽሐፍ በአንድ ርዕስ ሥር ተደርድሯል፤ ርዕሱም ፊደል ሳይሆን በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ነው።

ነገሩን ለማየት ስትርለን የሚባለውን ፈንክሽን «መጽሐፍ» ሰጠነው። ዓይናችን 4 ፊደል ያያል፤ እሱ 12 አለን። የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8፣ ፊደል በባይት በሚቀመጥበት ዘዴ፣ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ [0] የሚያመጣው የ«መ»ን አንድ ሦስተኛ ነው፤ ብቻውን ደግሞ ምንም ፊደል አይሆንም። ሁሉም መጻሕፍት በአንድ ርዕስ ሥር የገቡበት ምክንያት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት የፊደል ገበታችን ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው። ሉፑ «ካለፈው ተለየ?» ብሎ ሲጠይቅ 39 ጊዜ «አልተለየም» የሚል ትክክለኛ መልስ አግኝቷል።

መፍትሔው ኤምቢ በሚል ቃል የሚጀምሩት ፈንክሽኖች ናቸው፤ እነሱ የሚቆጥሩት ፊደል ነው። በኤምቢ ሰብስትር የመጀመሪያውን ፊደል ወሰድን፣ ርዕሶቹ ተለያዩ። በርዕሱ ፊደላት ላይ አንድ በአንድ መዞር ለሚፈልግም ኤምቢ ስትር ስፕሊት አለ፤ ቃሉን በፊደል ከፋፍሎ አሬይ ያደርገዋል፣ ከዚያ በፎርኢች መሄድ ነው።

አሁን ግን ሌላ መጣ። «መ»፣ «ማ» እና «ም» ሦስት የተለያዩ ርዕሶች ሆኑ። 40 መጽሐፍ ከ20 በላይ ርዕስ ወጣው። እኛ የምንፈልገው በመደቡ፣ በግዕዙ ፊደል ብቻ ነው። እህቴ የእያንዳንዱን ፊደል 7 ቤቶች በእጇ ልትጽፍ ወረቀት አዘጋጅታ ነበር፤ እጇን ያዝኳት።

ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን በ8 በ8 ነው የደረደረው። «ሀ» 4608 ቁጥር ላይ ነው፣ እሱም ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል። «መ» 4632 ነው፣ «ማ» 4635። 4635ን ለ8 ስታካፍይው ቀሪው 3 ነው፤ ቀሪውን ከራሱ ላይ ብትቀንሺ 4632፣ ማለትም «መ»። አንድ መስመር ኮድ፦ የፊደሉን ቁጥር በኤምቢ ኦርድ ውሰድ፣ ለ8 ሲካፈል የሚቀረውን ቀንስ፣ በኤምቢ ቻር ወደ ፊደል መልስ። ርዕሶቹ ወደ 13 ወረዱ። ካልኩሌተር ይዛ በ«ጥ»፣ በ«ሶ» እና በ«ው» ደጋግማ ሞከረችው፤ ሁሉም ወደ ግዕዙ ተመለሰ። «ቈ»፣ «ኰ» እና «ጐ» የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ከ«ቀ»፣ ከ«ከ» እና ከ«ገ» ተለይተው ይወጣሉ። እንዲህ የሚጀምር መጽሐፍ ስለሌለን ለጊዜው ተውነው።

ረቡዕ

አጭር ምሽት። የቀለም ድምቀት ናሙና ለማሳየት ከ0 እስከ 1 በ0.1 እየዘለለ የሚሄድ ፎር ሉፕ ጻፈች፤ መቆሚያው «1 እስካልሆነ ድረስ» ይላል። አልቆም አለ፤ 5 ሰከንዱ አዳነን። በኢኮ ስናሳትመው 0.8፣ 0.9፣ 1፣ 1.1 እያለ ይሄዳል። 1 ላይ ደርሷል፣ ዓይናችን እያየ፣ ግን አላቆመም!

ኢኮ ያስጠጋል። ዋጋውን ሳያስጠጋ የሚያሳየው ቫር ዳምፕ ያው ቦታ ላይ 0.9999999999999999 አለን። 0.1 በሁለትዮሽ አቆጣጠር በትክክል የማይጻፍ ቁጥር ስለሆነ አሥር ጊዜ ሲደመር ልክ 1 አይመጣም። ሉፑን ከ0 እስከ 10 በሙሉ ቁጥር አስኬድንና አካሉ ውስጥ ለ10 አካፈልነው።

ሐሙስ

የቅጂ ብዛቱን ከአሬይ አውጥተን በየመስመሩ አንድ ቁጥር ወዳለበት ፋይል አዛወርነው። ዋይል እዚህ ላይ ነው ቦታውን ያገኘው፤ ስንት መስመር እንዳለ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ፋይሉ እስኪያልቅ ይነበባል። ኤፍጌትስ የሚባለው ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር አንድ መስመር ይሰጣል፤ ሲያልቅ ሐሰት ይመልሳል። እሷም እንዲህ ጻፈችው፦

ዋይል ($መስመር = ኤፍጌትስ($ፋይል))

ሠራ። 40 መስመር ካለው ፋይል ግን 39 ነው የተነበበው፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ቁጥር የለውም። የመጨረሻው መጽሐፍ ሰው ወስዶት ስላልመለሰ ብዛቱ 0 ነበር። ዜሮ ነው እንዴ ችግሩ ብለን ከፍ ብለን ስናይ በ9ኛውና በ22ኛው መስመርም ዜሮ አለ፤ እነሱ ደህና ተነበዋል።

ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ፒኤችፒ «0» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ሐሰት ይቆጥረዋል። በ9ኛውና በ22ኛው ላይ ግን ከዜሮው ቀጥሎ የአዲስ መስመር ምልክት ስላለ ጽሑፉ «0» ብቻ አይደለም፣ ስለዚህ እንደ እውነት ያልፋል። የፋይሉ መጨረሻ ላይ ኢንተር አልተጫነም፤ ያቺ ዜሮ ብቻዋን ቀረች፣ ሉፑም ፋይሉ ያለቀ መሰለው። መቆሚያውን ሦስት ቁምፊ ባለው ምልክት «ፈጽሞ ከሐሰት ጋር አንድ እስካልሆነ» ብለን ጻፍነው፦

ዋይል (($መስመር = ኤፍጌትስ($ፋይል)) !== ሐሰት)

በ«0» እና በሐሰት መካከል ያለውን ልዩነት የምትለየው ሁለተኛዋ የእኩል ምልክት ናት። 40ም ተነበበ።

ዓርብ

ከርዕሶቹ ዙሪያ ትርፍ ክፍት ቦታ ለማጽዳት በፎርኢች ዞረች። ዋናው አሬይ ራሱ እንዲለወጥ ከ$መጽሐፍ ፊት የ«&» ምልክት፣ ማለትም የማጣቀሻ ምልክት አደረገች። ልክ ነበረች። ከዚያ በታች ግን ያው $መጽሐፍ በሚል ስም ሰንጠረዡን የሚያሳትመው ሉፕ አለ። የመጨረሻው መጽሐፍ ጠፋና በቦታው ከሱ በፊት ያለው ሁለት ጊዜ መጣ። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

በሦስት መጽሐፍ ወረቀት ላይ ሠራነው፤ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እንበላቸው። የመጀመሪያው ሉፕ ሲያልቅ $መጽሐፍ አልጠፋም፤ የሦስተኛው ቦታ ሌላ ስም ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛው ሉፕ በመጀመሪያው ዙር «ሀ»ን $መጽሐፍ ውስጥ ሲከት የሚከተው ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው፦ ሀ፣ ለ፣ ሀ። በሁለተኛው ዙር፦ ሀ፣ ለ፣ ለ። በሦስተኛው ዙር ሦስተኛውን ያነባል፣ እዚያ ያለው ደግሞ «ለ» ነው። ቅዳሜ ዕለት $ተራ ሉፑ ካለቀ በኋላ 40ን ይዞ እንደቀረ ያየነው ነገር ዛሬ ዋጋ አስከፈለን።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ሉፕ በኋላ አንሴት ($መጽሐፍ) ማለት ነው፤ ማጣቀሻው ይቆረጣል። እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው ምልክቱን ጨርሶ መተው ነው። ቁልፉን ይዞ «$መጻሕፍት[$ቁልፍ]» ብሎ መጻፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ የሚተወው ወጥመድም የለም። ኮዷን በዚህ ቀየረችው።

ሌላም አለ። ለመዋስ የሚመረጡ መጻሕፍት አጠገብ ቼክቦክስ አደረግን፤ የተመረጡት በአሬይ ይመጡና በፎርኢች ይዞሯቸዋል። አንድም ሳይመረጥ ሲላክ ግን ማስጠንቀቂያ ወጣ። ብራውዘሩ ምንም ካልተመረጠ ባዶ አሬይ አይልክም፤ ስሙንም አይልክም። ከሌለ ባዶ አሬይ እንዲወሰድ ሁለት የጥያቄ ምልክት ጨመርን፤ ሉፑ ዜሮ ጊዜ ዞሮ በሰላም ያልፋል።

ቅዳሜ

መጻሕፍቱንና ተዋሾቹን ወደ ዳታቤዝ አስገባን። እህቴ ሉፕ በእጇ ስለገባ ሁሉን ነገር በሉፕ ነው የምታስበው፦ መጻሕፍቱን አምጣ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ማን እንደወሰደው ዳታቤዙን ጠይቅ። ገጹ በትክክል ወጣ። ትክክል ነው ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

«ስንት ጊዜ ዳታቤዝ ጠየቅሽ?» አልኳት።

«ሁለት ኩዌሪ ነው የጻፍኩት።»

የጻፈችው ሁለት ነው። የተላከው ግን ስንት እንደሆነ ለማየት ኩዌሪ በተላከ ቁጥር በአንድ የሚጨምር $ቆጣሪ አስገባን። ገጹ ግርጌ ላይ 41 ታተመ። አንዱ ለዝርዝሩ፣ 40ው ለየመጽሐፉ። መጽሐፉ 400 ቢሆን 401 ይሆናል። እያንዳንዱ ኩዌሪ ሄዶ መመለስ አለው፤ ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ በኔትወርክ ነው የሚመላለሰው። በራስ ኮምፒውተር ላይ አይታወቅም፤ ብዙ ሰው የሚከፍተው ገጽ ላይ ግን ሸክሙ በከፋቹ ብዛት ይባዛል።

በጆይን ሁለቱን ሰንጠረዦች አጋጥሞ በአንድ ኩዌሪ ማምጣት ይቻላል። ያልተዋሱትም እንዲታዩ ሌፍት ጆይን መሆን አለበት። እሷ ጆይንን ገና ስላልተማረች ሌላውን መንገድ መረጥን። የውሰት መዝገቡ በሙሉ በአንድ ኩዌሪ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፎርኢች የመጽሐፉን መለያ ቁልፍ አድርጎ $ተዋሾች የሚል አሬይ ይሞላል። ሁለተኛው ፎርኢች ሰንጠረዡን ሲያሳትም ዳታቤዝ አይጠይቅም፤ በቁልፉ ከአሬዩ ያነሳል። ሁለት ሉፕ ተከታትለው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሳይገባ። ገጹን ሪፍሬሽ አደረገችው፤ ግርጌው ላይ 2 አለ። ወዲያው መልሳ መላልሳ ሪፍሬሽ ታደርገው ነበር፣ ቁጥሯን ለማየት።

ማታ ላይ ያንን ባለፈው ቅዳሜ ያቆመችውን «መደርደሪያ» የሚለውን ዓምድ ጨመረች። አንድ መስመር ከሰንጠረዡ ራስጌ፣ አንድ መስመር ከሉፑ አካል። ከዚያ አሮጌውን ፋይል፣ 40 ረድፍ በእጅ የተለጠፈበትን፣ ከፍታ 17ኛው ረድፍ ላይ የረሳችውን የመዝጊያ ታግ ፈልጋ አገኘችውና ፋይሉን ሰረዘችው። ነገ ጆይን እንጀምራለን።